የፊልሙን ቁርጥ ማወቅ፦ ሳንሱር ያልነካውን የውጭ ዲስክ ከተቀነሰው ጋር የማመሳከሪያ መንገድ

«ጋሼ፣ ተታለልኩ መሰለኝ» አለኝ በእኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ወጣት፣ ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ሁለት ዲስክ ይዞ በሬን አንኳኩቶ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከተማው አልቆ ጣፎን ሊነካ ሲል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከመኪና ይልቅ ጅብ የሚሰማበት ሰፈር።

አንደኛውን ዲስክ ቪየና የምትኖር አክስቱ ልካለታለች። ሽፋኑ ላይ በጀርመንኛ «ኡንገሽኒተን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ያልተቆረጠ ማለት ነው። ሁለተኛው ያው ፊልም ሆኖ ከአሜሪካ የመጣ ነው። «ያልተቆረጠው 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው፤ የተቆረጠው 1 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። የተቆረጠ ነገር ካልተቆረጠው እንዴት ይረዝማል?»

ይህ ጥያቄ ከዓመታት በፊት እኔንም አሳስቶኛል። አንድ ጓደኛዬ ከአውሮፓ ያስመጣውን ዲስክ በሰዓት ብቻ መዝኜ «አራት ደቂቃ ተቀንሶበታል፣ አትያዘው» አልኩት። ሰምቶኝ በርካሽ ሸጠው። በኋላ ስንደርስበት ከነበሩን ቅጂዎች ሁሉ ሙሉው እሱ ነበር። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ቡና ስንጠጣ ያነሣብኛል። ከዚያ ወዲህ ደቂቃን ብቻውን ምስክር አድርጌ አላውቅም። ከዚህ በታች የምጽፈው ከወጣቱ ጋር አራት ማታ ተቀምጠን የሠራንበትን መንገድ ነው፤ ፊልሙ ደም የሚበዛበት ስለሆነ ልጆች ከተኙ በኋላ ጀምሩ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ዲስክ የሚያነብ ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ባለመስመር ደብተር፣ ካልኩሌተር። ከፕሮግራም «ቪ ኤል ሲ» የሚባለው ነፃ ማጫወቻ ይበቃል፤ የፋይል ዝርዝር የሚያወጣው «ሚዲያኢንፎ» ቢጨመር ደግሞ ጥሩ ነው። ባትሪው ሙሉ ይሁን። እኛ ሰፈር መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ቆጠራው መሀል ላይ ሲደረስ ነው፤ ደብተሩ ላይ ያልሰፈረ ቁጥር ደግሞ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

የጆሮ ማዳመጫውን እንደ ቅንጦት አትዩት። በመጀመሪያው ማታ ያለሱ ጀምረን ነበር። አንዱን የጩኸት ትዕይንት ለሰባተኛ ጊዜ ስንመልሰው በሩ ተንኳኳ፤ ጎረቤቴ እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። «ልጄ፣ ማንን ነው እንዲህ የምታሰቃዩት? ደግሞ ዝም ይልና እንደገና ይጀምራል!» አሉ። ገብተው ስክሪኑን እስኪያዩ ድረስ አላመኑም፤ ካዩ በኋላ ደግሞ የባሰውን ተቆጡ።

አስቸጋሪው ጉዳይ የዲስክ ክልል ነው። የዲቪዲ ዲስኮች ዓለምን በቁጥር ከፋፍለውታል፦ አሜሪካና ካናዳ 1፣ አብዛኛው አውሮፓና ጃፓን 2፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ 5። ስለዚህ ከዘመድ እጅ የሚመጣልን ዲስክ ሁሉ ማለት ይቻላል ለእኛ አልተሠራም። ከሽፋኑ ጀርባ ትንሽ የዓለም ሉል ሥዕል ውስጥ ቁጥሩ ይገኛል። የኮምፒውተር ዲስክ አንባቢ የክልል ቁጥሩን መቀየር የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በአምስተኛው ይቆለፋል። እያቀያየሩ ማወዳደር ታዲያ ራስን በገዛ እጅ መቆለፍ ነው። እኔ የላፕቶፑን በ2 ትቼ ለአሜሪካ ዲስክ በዩኤስቢ የሚሰካ ሌላ አንባቢ ገዛሁ። ከዲቪዲ በኋላ በመጣው የጠራ ምስል ዲስክ በብሉሬይ አከፋፈሉ በፊደል ነው፤ አውሮፓና አፍሪካ አንድ ላይ «ቢ» ውስጥ ስለሚወድቁ ከአውሮፓ የመጣው ይሠራልናል፣ ከአሜሪካና ከጃፓን የሚመጣው «ኤ» ግን ሊያስቸግር ይችላል።

ሽፋኑን አንብቡ፣ ግን አትመኑት

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለየዲስኩ ይህን ጻፉ፦ የወጣበት አገር፣ የክልል ቁጥር፣ የዕድሜ ምልክት፣ ሽፋኑ የሚለው ርዝመት፣ ማጫወቻው የሚያሳየው ርዝመት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም፤ ሽፋን ላይ የሚጻፈው ደቂቃ አንዳንዴ የሲኒማ ቤቱ እንጂ የዲስኩ አይደለም።

የዕድሜ ምልክቱ ፊልሙ ለምን እንደተቆረጠ ፍንጭ ይሰጣል። በአሜሪካ ማንም መንግሥታዊ አካል ፊልም አይቆርጥም፤ የኢንዱስትሪው የራሱ ደረጃ ሰጪ ቦርድ አለ። ቦርዱ ከባዱን ደረጃ ከሰጠ (እስከ 1990 እ.ኤ.አ. «ኤክስ»፣ ከዚያ ወዲህ «ኤን ሲ 17» ይባላል) ብዙ ሲኒማ ቤቶች ስለማያሳዩት፣ አምራቹ ራሱ እየቀነሰ፣ እየመለሰ፣ እንደገና እየቀነሰ ቀለል ወዳለው ደረጃ ወደ «አር» ያወርደዋል። የ1987ቱ «ሮቦኮፕ» የታወቀው ምሳሌ ነው፤ መጀመሪያ «ኤክስ» ተብሎ፣ ደጋግሞ ተቀንሶ በ«አር» ወጣ፤ ያልተቀነሰው በኋላ በቤት ማጫወቻ ዲስክ መጣ። የሁለቱ ልዩነት አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

በጀርመን ደግሞ ለ18 ዓመት የተመደበ ፊልም ለመሸጥ ገደቡ ስለሚበዛ፣ ብዙ የአክሽን ፊልም ተቀንሶ ለ16 ዓመት እንዲመች ሆኖ ይወጣ ነበር። በዚህ የተነሣ ሙሉውን የሚፈልግ ጀርመናዊ ከጎረቤት አገር ከኦስትሪያ መግዛት የለመደ ነው፤ የወጣቱ አክስት ሳታውቀው ትክክለኛው ገበያ ውስጥ ነበረች። ብሪታንያ የራሷ አመል ነበራት። በጄምስ ፈርማን የሳንሱር ዘመን፣ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በሰንሰለት የተያያዙት ሁለቱ ዱላዎች፣ ናንቻኩ፣ ከፊልም ሁሉ እየተለቀሙ ይወጡ ነበር። ደም ባይኖርም፣ ማንም ባይመታም፣ ዱላው ከታየ ይቆረጣል። የድሮ የካራቴ ካሴት ያየ ሰው ጀግናው እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድና ወዲያው ጠላቶቹ ወድቀው ሲታዩ ግራ የተጋባው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

«አንሬትድ» የሚለው የአሜሪካ ሽፋን ላይ ያለ ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ትርጉሙ ያ ቅጂ ለደረጃ አልቀረበም ማለት ብቻ ነው። ውስጡ የተጨመረው የኃይል ትዕይንት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሰዎች ኩሽና ውስጥ የሚያወሩት የማያስፈልግ ወሬም ሊሆን ይችላል። ረዘመ ማለት ሳንሱር አልነካውም ማለት አይደለም።

ደቂቃውን ወደ ፍሬም መልሱት

የወጣቱ እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ካልኩሌተሩን አውጡ።

ለሲኒማ የሚሠራ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ፍሬም ማለት ፊልሙ የተሠራበት አንዱ ቋሚ ምስል ነው። የአውሮፓው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል በሰከንድ 25 ያሳያል (የእኛም አገር የቆየ ሥርዓት እሱ ነው)። ዲስኩን ሲያዘጋጁ አንድ ፍሬም ፈጥረው አይጨምሩም፤ ፊልሙን በሙሉ ትንሽ ያፈጥኑታል። ውጤቱ፦ ፊልሙ አራት በመቶ ያህል ያጥራል፣ ምንም ሳይቆረጥበት። ድምፁም በትንሹ ይቀጥናል፤ ጎርናናው ተዋናይ የቸኮለ ይመስላል። የአሜሪካና የጃፓኑ ሥርዓት ኤን ቲ ኤስ ሲ ደግሞ ፊልሙን በሰከንድ 23.976 ፍሬም ያስኬደዋል፤ ከሲኒማው ጋር የሚቀራረብ ነው።

አሁን የወጣቱን ዲስኮች እንመዝን። የቪየናው 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ማለትም 5,760 ሰከንድ ነው። በ25 ሲባዛ 144,000 ፍሬም። የአሜሪካው 1 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ማለትም 5,960 ሰከንድ ነው። በ23.976 ሲባዛ 142,897 ፍሬም። ረዥም የመሰለው 1,103 ፍሬም ጎድሎታል። በአሜሪካው ፍጥነት 46 ሰከንድ ማለት ነው። ወጣቱ ካልኩሌተሩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ደገመው፤ ሦስት ጊዜ።

በብሉሬይ ይህ ጣጣ በአብዛኛው የለም፤ የትም አገር ቢወጣ ፊልሙ በ23.976 ወይም በ24 ስለሚሄድ ፍጥነታቸው አንድ ከሆነ ሰዓቱን በቀጥታ ማነጻጸር ይቻላል። የሁለቱን ፍጥነት ካልተማመናችሁ ፋይሉን በሚዲያኢንፎ ከፍታችሁ «ፍሬም ሬት» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር እዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ስሌት የሚሠራው ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ጀምራችሁ አንድ ቦታ ላይ ከጨረሳችሁ ብቻ ነው። የአከፋፋዮች አርማ በየአገሩ ይለያያል፤ አንዱ ዲስክ ላይ ሦስት አርማ፣ ሌላው ላይ አንድ ይኖራል። መጨረሻ ላይም በሌላ ቋንቋ ድምፅ የሰጡ ሰዎች ስም ዝርዝር ይቀጠላል። ስለዚህ መነሻችሁ አርማው ሳይሆን ከፊልሙ የመጀመሪያው ምስል ይሁን፤ ከጨለማ ቀስ ብሎ የሚፈካ ከሆነ ደግሞ እሱን ዝለሉትና የመጀመሪያውን ድንገተኛ የምስል ለውጥ ያዙ። እኛ የያዝነው የበር መወርወሪያ ሲዘጋ ነው። መዝጊያችን ደግሞ የመጨረሻው ተዋናይ ከታየበት ፍሬም ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው የስም ጽሑፍ ነበር።

ጆሮ የቆረጠውን እጅ ይነግራል

ከዐይናችሁ በፊት ጆሯችሁን አሠማሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ጣፎ አካባቢ አግዳሚ ወንበር የደረደርኩባት ትንሽ ቪዲዮ ቤት ነበረችኝ። ተመልካቾቼ አብዛኞቹ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ግን ፊልም ሲቆረጥ ከእኔ በፊት የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ሙዚቃው ዘልሎ ሲሄድ ከኋላ ወንበር ፉጨቱ ይነሣል፤ «ቆረጠብን!» እያሉ እኔን ይወቅሳሉ፤ እኔ ደግሞ ዴኩን በጥፊ እመታለሁ። ጥፋቱ የዴኩ አልነበረም፣ የእኔም አልነበረም። ካሴቱ ሲመጣ ጀምሮ የተቆረጠ ነበር።

ሙዚቃ የሚዘልለው ያለቀለት ፊልም ሲቆረጥ ነው። ምስልና ድምፅ ከተዋሃዱ በኋላ የአገሩ ሳንሱር ወይም አከፋፋይ መቀስ ሲያስገባ ከምስሉ ጋር ድምፁም ይሄዳል፦ ከበሮው አራት መምታት ሲገባው ሦስት ተኩል ይመታል፣ ጩኸቱ መሀሉ ላይ ይታነቃል፣ የዝናቡ ድምፅ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይጋጠማል። ፊልም ሠሪው ራሱ ለደረጃ ብሎ ቀድሞ ከቀነሰው ግን ሙዚቃው የሚቀዳው በተቀነሰው ላይ ነው፤ ስለዚህ ምንም አይሰማም። የወጣቱ የአሜሪካ ዲስክ እንዲህ ነበር። ሁለት ሰዓት ዐይናችንን ጨፍነን አዳምጠን አንድም መዝለል አላገኘንም። ያ ባዶ ውጤት ራሱ ወሬ ነው፤ የቆረጠው እጅ የቤት ልጅ እንደሆነ ነገረን። ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ለማዳመጥ ምስሉን አጥፉ ወይም ከስክሪኑ ዞር በሉ። ዐይን ሲያይ ጆሮ ይሰንፋል። ሙዚቃ የሌለበት ድብድብ ከሆነ ወለሉ ላይ የሚሰማውን የእግር ኮቴ፣ የሩቁን መኪና፣ የነፋሱን ጉምጉምታ ተከተሉ፤ ሳንሱር አድራጊዎች ንግግርን ይጠነቀቁለታል፣ ነፋስን ግን ይረሱታል።

ፍሬም በፍሬም

አሁን ዋናው ሥራ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አሰልፎ እኩል ማጫወት አይሆንም፤ የፓሉ በየደቂቃው ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይቀድማል። በየትዕይንቱ እያስቆሙ መሄድ ነው ያለው። ድብድብና ተኩስ ያለባቸውን ትዕይንቶች ብቻ ብትመርጡ በቂ ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔ ሙሉውን እንድታዩ እመክራለሁ። በዚህ ፊልም አንዱ ቅነሳ የተገኘው አንድ ሰው ጫማውን ሲያስር ነበር፤ ጫማው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ለማሳየት የቀረበው ምስል ተነሥቷል።

በቪ ኤል ሲ ፊልሙን አቁማችሁ ኪቦርዱ ላይ «ኢ» የሚለውን የላቲን ፊደል ስትጫኑ አንድ ፍሬም ወደፊት ይሄዳል። ወደኋላ በፍሬም መሄድ ግን አይችልም፤ «ሺፍት»ን ይዛችሁ የግራ ቀስቱን ስትነኩ ሦስት ሰከንድ ይመልሳችኋል፣ ከዚያ እንደገና «ኢ»። «ሺፍት»ና «ኤስ» አንድ ላይ ምስሉን ፎቶ አድርገው ያስቀምጣሉ። የፎቶውን ስም ወዲያው ቀይሩ፤ በነጋታው ሃምሳ ፎቶ ሲጠብቃችሁ የትኛው የየትኛው ዲስክ እንደሆነ አታስታውሱም።

አሠራሩን በዘጠነኛው ቅነሳ ላሳያችሁ። ጠባብ ኮሪደር፣ በግራ አረንጓዴ ግድግዳ፣ ከፊት መጥረቢያ የያዘ ሰው። በቪየናው ዲስክ ላይ ቦታው 0፡52፡14 ነው። ይህንን በአሜሪካው ለማግኘት ጊዜውን ወደ ሰከንድ ቀይሩ፣ 3,134፤ በ1.0427 አባዙት፣ 3,268፤ ማለትም 0፡54፡28። ከዚያ እስከዚህ ቦታ ድረስ የጎደለውን ቀንሱ። እስከ ስምንተኛው ቅነሳ 20 ሰከንድ ጎድሎ ነበር፤ ስለዚህ 0፡54፡08 ላይ መጠበቅ አለብን። ሄድን፣ አረንጓዴው ግድግዳ ቆሞ ጠበቀን። እንዲህ ልክ ሲገጥም እስከዚያ የቆጠርነው ትክክል ነው ማለት ነው፤ ሳይገጥም ሲቀር ግን ከበስተኋላ ያለፍነው ቅነሳ አለ።

በአሜሪካው ክንዱ ከትከሻው በላይ ይነሣል፣ ሸሚዙ ይወጠራል፣ ወዲያው በሩ ሲዘጋ እናያለን። በቪየናው ክንዱ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ምቱ ይታያል፣ ግድግዳው ላይ የሚረጨው ይታያል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። «ኢ»ን እየነካን ቆጠርን፦ ክንዱ ከቆመበት እስከ በሩ 31 ፍሬም። አንድ ሰከንድ ከሩብ እንኳ አይሞላም። ደብተሩ ላይ የገባው እንዲህ ነው፦ «ቁጥር 9። ቪየና 0፡52፡14፣ አሜሪካ 0፡54፡08። ኮሪደር፣ መጥረቢያ። ክንድ ሲነሣ ይቆማል፣ በር ሲዘጋ ይቀጥላል። የጎደለ 31። ሙዚቃ አልዘለለም።» ከዚህ የሚበልጥ አስተያየት እዚያ ቦታ አትጻፉ፤ አስተያየት ቁጥር ይጋርዳል።

ቆጠራው ሁልጊዜ ሙሉው ዲስክ ላይ ይሁን፤ የጎደለውን ከጎደለበት መቁጠር አይቻልም። ሙሉው ፓል ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ እያንዳንዱ ፍሬም የፊልሙ አንድ ፍሬም ነው። ሙሉው የጃፓን ዲቪዲ ከሆነ ግን ኤን ቲ ኤስ ሲ ነውና አራቱን የፊልም ፍሬም ወደ አምስት ዘርግተው ያስቀመጡበት ሊሆን ይችላል። ስታስቆሙት ሁለት ምስል እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠላልፎ ይታያል። ያ ቁርጥ አይደለም፣ ብልሽትም አይደለም፤ ከየአምስቱ አራቱን ቁጠሩ።

መቀስ የሌለበት ሳንሱር

አንዳንድ ልዩነት ፍሬም ብትቆጥሩ አይገኝም። ምስሉን ማጉላት አንዱ ዘዴ ነው፤ ቁስሉ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ እንዲወድቅ ምስሉ ይቀርብና ሥዕሉ ይሻክራል። ማጨለም ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው መተካት ነው፦ አስከፊው ምስል ይነሣና በቦታው የሚያይ ሰው ፊት ይገባል፣ ርዝመቱ እኩል ሆኖ። ስለዚህ በተቆረጠው ላይ ብቻ ያለ ምስል ሲገጥማችሁ አትደንግጡ፤ ከጎደለው ድምር ላይ የሚቀነስ ስለሆነ በሌላ ዓምድ ጻፉት።

የቀለም ነገር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩዌንቲን ታራንቲኖ «ኪል ቢል» የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ በጃፓናዊው ምግብ ቤት የሚካሄደው ትልቁ የሰይፍ ውጊያ፣ በአሜሪካው ቅጂ መሀሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። በጃፓኑ ቅጂ ውጊያው እስከ መጨረሻው በቀለም ነው፤ ከዚያ ሌላ ጥቂት ተጨማሪ ምስሎችም አሉት። መጀመሪያ የአሜሪካውን ሳይ እኔ ሳንሱር መቼ ትዝ ብሎኝ! ጣፎ እያለሁ ፓል ብቻ የሚያውቅ ቴሌቪዥን ነበረኝ፤ የአሜሪካ ካሴት ሲገባበት ቀለሙን ይጥል ነበር። የለመደብኝ ስለሆነ ከወንበሬ ተነሥቼ ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ መልሼ ነቀልኩ። ቀለሙ ራሱ ሲመለስ ነው የገባኝ። በእንዲህ ያለው ቦታ ከሁለቱም ዲስክ አንድ ዓይነት ፍሬም ፎቶ አንሥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ በቃል ማስረዳት ድካም ነው።

ቁርጥ የሚመስሉ ነገሮች

ባለሁለት ንብርብር ዲቪዲ መሀሉ አካባቢ ለአፍታ ይቆማል፤ የጨረሩ ንባብ ወደ ሁለተኛው ንብርብር ሲሻገር ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በየሃያ ደቂቃው ገደማ ጥቅል ይቀየርበታል፤ ከአሮጌ ቅጂ የተገለበጠ ዲስክ ላይ በዚያ ቦታ ጥቂት ፍሬሞች ይጠፋሉ፣ በስተቀኝ ከላይ ክብ ምልክት ብልጭ ይላል። ሳንሱር አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ጋር ይመጣል፤ ሁለት ሰዎች ሻይ ሲጠጡ ዘጠኝ ፍሬም ቢጎድል መቀሱን አትውቀሱ።

ፍላሽ ላይ ከተጫነ ፊልም ጋር አታወዳድሩ። በስንት እጅ እንዳለፈ፣ ከየትኛው አገር ቴሌቪዥን እንደተቀዳ፣ ለማሳነስ ተብሎ ምን እንደተደረገበት የሚያውቅ የለም። ወጣቱ ሦስተኛ ማታ ላይ አንድ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከሁለቱም ዲስኮች አጠረ፣ መሀሉ ላይም የማስታወቂያ ጭራ ተገኘበት። እሱን መመርመር ሌላ ክረምት ይፈልጋል።

ሒሳቡን መዝጋት

ሲያልቅ ደብተሩን እንደ ባለሱቅ ዝጉት። የጎደሉትን ሁሉ ደምሩ፣ ተተክተው የገቡትን ቀንሱ፣ ውጤቱን መጀመሪያ ካሰላችሁት ልዩነት ጋር አስተያዩ። የእኛ ሃያ ሦስት ቅነሳዎች 1,151 ፍሬም ሆኑ። በአሜሪካው ላይ ብቻ የነበሩት ሁለት ተተኪ ምስሎች 62። ቀሪው 1,089። መጀመሪያ ያሰላነው 1,103 ነበር። አሥራ አራት ፍሬም ጠፋብን።

ወጣቱ «ይለፈው ጋሼ፣ ግማሽ ሰከንድ ነው» አለ። እኔ እንቢ አልኩ፤ አሥራ አራት ፍሬም ከመጥረቢያው ግማሽ ሊጠጋ ምን ቀረው? ድብድቦቹን ሁሉ እንደገና አየናቸው፣ የለም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን መጨረሻው ላይ አገኘነው፦ የመጨረሻው ምስል ጨልሞ ስሞቹ እስኪጀምሩ ያለው ጥቁር ክፍተት በቪየናው ዲስክ ላይ አሥራ አራት ፍሬም ይረዝማል። ምንም የማይታይበት ጥቁር። በደብተሩ ላይ «ቁጥር 24። ጨለማ። 14። ሳንሱር አይደለም» ብሎ ወጣቱ ራሱ ጻፈና ዲስኮቹን በየሽፋናቸው መለሰ።